የሚበላው መጠቅለያ የሐምሌን ፈተና ያልፋል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ገበያዎች “ፌስታልን ምን ይተካዋል?” የሚለው ጥያቄ የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ጥያቄ ሆኗል። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ሕጉ ሲደነግግ፣ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ፌስታል በነፃ የሚጨምር ቸርቻሪ ከትርፉ የሚበልጥ አደጋ ተሸክሟል ማለት ነው። ክፍተት ባለበት ሁሉ ደግሞ ሐሳብ ሻጭ አይጠፋም። ለዚህ ክፍተት ከሚቀርቡት መልሶች መካከል ለጆሮ እጅግ የሚጥመው “የሚበላ መጠቅለያ” የሚባለው ነው። ከቡላ፣ ከድንች፣ ከወተት አጓት ወይም ከባሕር አረም ይሠራል፤ ምግቡን ጠቅልሎ ይቆያል፤ ከዚያም አብሮ ይበላል፣ ቢጣልም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፈር ይሆናል።

ነገሩ ሐሰት አይደለም። በላቦራቶሪ ይሠራል፣ በውጭ አገርም የሚሸጥ አለ። ይሁንና ገንዘቡን ሊያወጣ የተዘጋጀ ሰው “ይሠራል ወይ?” ብሎ ጠይቆ መልሱ “አዎ” ሲሆን ከረካ፣ ጥያቄውን ገና አልጀመረውም። ምን ሥራ ይሠራል? በየትኛው ወር? በምን ዋጋ? ለእነዚህ መልስ ሲፈለግ የሚደረስበት ድምዳሜ አብዛኛውን ሻጭ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። የሚበላው ሽፋን ፌስታልን አይተካም። ገንዘብ ሊያስገኝ የሚችለው ፌስታል ድሮም ሠርቶት በማያውቀው ሥራ ላይ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አሮጌ ነው። ቻይናውያን ከ800 ዓመታት በፊት ብርቱካንና ሎሚ ሰም እየቀቡ ወደ ሩቅ ገበያ ይልኩ እንደነበር ይነገራል። ጃፓኖች ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፈውን ስስ ቆዳ ምግብ ይጠቀልሉበታል። ከፋርማሲ ካፕሱል ገዝቶ የዋጠ ሰው ሁሉ የሚበላ መጠቅለያ ገዝቷል፤ የካፕሱሉ ቅርፊት በአብዛኛው ከጄላቲን የሚሠራ ነውና። የአውሮፓና የአሜሪካ ቋሊማ ፋብሪካዎች ከከብት ቆዳ በሚገኝ ኮላጅን የተሠራ ሽፋን በገፍ ይጠቀማሉ፤ በዓለም ላይ በእርግጥ ገበያ ያገኘ የሚበላ መጠቅለያ ካለ ይኸው ነው።

በሾላ ገበያም ቢሆን ከፌስታል በፊት ኮባ ነበረ፣ አሁንም አለ። ቅቤ በኮባ ይጠቀለላል፣ ቆጮ በኮባ ይታሰራል፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ይጋገራል። ኮባ አይበላም፤ ግን ለምን ለቅቤ እንደሚስማማ ማወቅ ለዚህ ወሬ ሁሉ ጥሩ መግቢያ ነው። የቅጠሉ አካል ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ላዩን ግን ተፈጥሮ ራሷ በስስ ሰም ቀብታዋለች። ውሃ ሲፈስበት እየተንከባለለ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሙ ባይኖር ኮባ ከብጣሽ ወረቀት ባልተሻለ ነበር። የሚበላ መጠቅለያ የሚሠሩ ኬሚስቶች ዛሬም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው፤ ጥንካሬውን ከአንድ ነገር፣ ውሃ መከላከሉን ከሌላ ነገር አምጥቶ ማጋባት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ነገር ሥሩም ውሃ ነው። ስታርችም ፕሮቲንም ውሃ ወዳድ ናቸው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊ ኢትሊን ደግሞ ውሃ ጠል ነው። በመሆኑም በእኩል ውፍረት ሲለኩ የስታርች ሽፋን የሚያሳልፈው የውሃ ተን ፖሊ ኢትሊን ከሚያሳልፈው ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ በትንሽ ማሻሻያ የሚደፈን ልዩነት አይደለም።

በሌላ ወገን ሲታይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ፖሊ ኢትሊን ውሃን እንጂ ኦክስጅንን በደንብ አይከለክልም። በፌስታል ታስሮ የከረመ ቅቤ የሚሸተው፣ የተቆላ ቡና መዓዛው የሚጠፋው፣ ኦቾሎኒ የሚመረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከፕሮቲንና ከስታርች የሚሠሩ ሽፋኖች ግን በደረቅ አየር ኦክስጅንን ከፕላስቲክ አብልጠው ይገታሉ። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ኬሲን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን የሠሩት ሽፋን ኦክስጅንን በመከላከል ከተለመደው ፕላስቲክ እስከ 500 እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ለአገሪቱ የኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ አቅርበው ነበር። ቁጥሩ በጋዜጦች ሁሉ ዞሯል። ያልዞረው ነገር፣ እንዲህ ዓይነቱ ሽፋን ችሎታው የሚጸናው ደረቅ እስከሆነ ብቻ መሆኑ ነው። አየሩ ሲረጥብ ሽፋኑ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ የኦክስጅን መከላከያነቱም አብሮ ይሟሟል።

ስለዚህ ሸቀጥን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። የቅቤ፣ የተቆላ ቡናና የቅመም ጠላት ኦክስጅን ነው። የእንጀራ፣ የዳቦና የጎመን ጠላት ግን የውሃ መጥፋት ወይም መብዛት ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ የሆነ እንጀራ በስታርች ሽፋን ቢጠቀለል፣ ሽፋኑ የእንጀራውን ውሃ ጠጥቶ ይለጠፍበታል፣ እንጀራውም ይደርቃል። ለሱቅና ለሱፐርማርኬት እንጀራ የሚያቀርብ ነጋዴ ከዚህ ቴክኖሎጂ ዛሬ የሚጠብቀው ነገር ሊኖር አይገባም። የእንጀራ ችግር ሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ እርጥብና ስታርች የሆነ ነገር ላይ ይበቅላል፤ መጠቅለያውን ከዚያው ዘር መሥራት ለሻጋታው ተጨማሪ ማዕድ መዘርጋት ነው።

ከዚህ ላይ የቦታው ጠባይ ይመጣል። የካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛና ከሾላ ተነስቶ በኮተቤና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ይወጣል። የታችኛው ገበያ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የእንጦጦ አናት እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በበጋ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ በክረምት ደግሞ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ሱቅ ውስጥ ያለ ጨው ሳይቀር ያረጥባል። በርበሬ አዘጋጅ የሆነች እመቤት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ በርበሬዋን በኅዳርና በታኅሣሥ ታሰጣለች እንጂ በሐምሌ አታወጣም። የሚበላ መጠቅለያም ጠባዩ እንደ በርበሬው ነው። በጥር ተሰንጥቆ ይረግፋል፣ በሐምሌ ደግሞ ሟሙቶ ይለጠፋል።

መሰንጠቁን ለመከላከል የሚጨመረው ግሊሰሪን ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከደረቁ ስታርች ክብደት ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ግሊሰሪን ሲበዛ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ለእጅ ደስ ይላል፤ ሆኖም ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ውሃም ይበልጥ ያሳልፋል። ሲያንስ ደግሞ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። በበጋና በክረምት መካከል እንዲህ የሚራራቅ አየር ባለበት ከተማ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቅመራ ማግኘት ከባድ ነው። ፌስታል ከመቀደዱ በፊት ከራሱ ርዝመት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሳባል። የስታርች ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ርዝመት ያህል እንኳ ሳይሳብ ይበጠሳል። ሦስት ኪሎ ድንች ተሸክሞ ከሾላ እስከ መገናኛ ታክሲ ድረስ የሚሄድ ገዢ ይህን ልዩነት ለመረዳት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ሒሳቡ ሲኬድ ደግሞ ብዙ ኢንቬስተር የማያየው ወጪ አለ፤ ውሃ የማድረቂያው ወጪ። የሚበላ ሽፋን በተለመደው ዘዴ ሲሠራ ስታርቹ ወይም ፕሮቲኑ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይሞቃል፣ እንደ እንጀራ ሊጥ በስሱ ይፈስሳል፣ ከዚያም ይደርቃል። ብጥብጡ ከመቶ አምስት እጅ ደረቅ ነገር አለው ቢባል፣ አንድ ኪሎ ሽፋን ለማግኘት 19 ኪሎ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። ይህን ያህል ውሃ ለማትነን በፊዚክስ ሕግ ብቻ ከ12 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ሙቀት ይጠይቃል፤ በማሽኑ የሚባክነው ሳይቆጠር ማለት ነው። ፖሊ ኢትሊንን አቅልጦ በመንፋት ፌስታል ማድረግ ግን በኪሎ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስታርችን ከግሊሰሪን ጋር በሙቀትና በግፊት አቅልጦ የሚያወጣ ማሽን ይህን ወጪ በብዙ ይቀንሳል፤ ማሽኑ ግን ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያው የምንዛሪ ለውጥ ከውጭ የሚመጣውን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃም አስወድዷል፤ ስለዚህ የአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የሚጠቀም ሰው በዚህ በኩል የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ችግሩ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ሆኖ ማድረቂያው ውድ መሆኑ ነው። ፀሐይን እንጠቀማለን የሚሉ ይኖራሉ። በጥር ይሆናል። ክረምቱን ፋብሪካው ይዘጋል?

ሌላው ቀላል የሚመስል ግን ነገሩን ሁሉ የሚያፈርስ ጉዳይ ንጽሕና ነው። የሚበላ መጠቅለያ ከተነካ በኋላ የሚበላ ነገር ነው። በሾላ አንድ ዕቃ ከሻጩ እጅ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ገዢ፣ ከገዢ ወደ ታክሲ ወለል ያልፋል። ብር የነካ እጅ የያዘውን መጠቅለያ ማን ይበላዋል? ስለዚህ የሚበላው መጠቅለያ ራሱ በሌላ መጠቅለያ መጠቅለል አለበት፤ ያም መጠቅለያ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ መሆኑ ነው። መጋዘኑንም ማሰብ ያሻል። ሰው የሚበላውን አይጥም ይበላል፣ ነቀዝም ይበላል። ፌስታል ቢያንስ በዚህ አይታማም፤ የሚበሉት ላሞች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ይሞቱበታል።

ፌስታል ያደረሰው ጉዳት እውነት ነው። ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ ከተማው የሚወርደው የቀበና ወንዝ በክረምት ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ያየ ሰው ሕጉን አይቃወምም። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ከ18 ዓመታት በኋላ ሌላ አዋጅ ማስፈለጉ የቀድሞው ምን ያህል እንደተፈጸመ ይናገራል። ነጋዴው አሁንም እንደዚያው ያልፋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም በጎረቤት አገር የሆነውን ማየት ይጠቅመዋል።

ኬንያ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ፌስታልን በከባድ ቅጣት ስትከለክል፣ የናይሮቢን ገበያ የሞላው ከባሕር አረም የተሠራ የሚበላ ከረጢት አልነበረም። ጨርቅ የሚመስል፣ ፖሊ ፕሮፒሊን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ነው። እሱም ሳይቆይ እየሳሳ እየረከሰ መጣና በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአካባቢ ባለሥልጣን በተራው ከለከለው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ለዚህ ከረጢት ማሽን ያስገባ ሰው ዕዳውን ሳይጨርስ ሥራው ታገደ። በአዲስ አበባም ፌስታልን የሚተካው እንደ ዘንቢል፣ የሸራ ቦርሳና ወረቀት ያለ የታወቀ ነገር ይሆናል ቢባል ከእውነት አይርቅም። ለመሸከሚያ የሚሆን ዕቃ የሚሠራ ኢንቬስተር ፊቱን ወደዚያ ማዞር አለበት።

እንግዲህ የሚበላው ሽፋን ገበያ የት ነው? ከመጠቅለያነት ወደ ቅብነት ሲወርድ ነው። በዓለም ላይ ትልቁ ገንዘብ የፈሰሰውም ወደዚሁ ነው። በካሊፎርኒያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አፒል የተባለ ኩባንያ ከአትክልት ቅባት በሚወጣ፣ በዓይን በማይታይ ቅብ አቮካዶ እየቀባ ለመሸጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሰብስቧል። ዘዴው የቻይናውያኑ ሰም ነው፤ የተራቀቀው መጠኑ ነው። ፍሬ ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ያስገባል፣ ውሃ ያወጣል። ቅቡ ሁለቱንም በልክ ሲያዘገይ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ አይጨማደድም። ከልክ ሲያልፍ ግን ፍሬው ይታፈንና ውስጡ እንደ ጠላ ይፈላል። ስለዚህ ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው እንጂ ነክሮ ማውጣት ብቻ አይደለም።

የቅብ ሒሳብ ከመጠቅለያ ሒሳብ ጋር አይወዳደርም። ለአንድ ቶን ብርቱካን የሚያስፈልገው የሰም ብጥብጥ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሽፋን ለማድረቅ የሚወጣው ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሒሳብ እዚህ የለም፤ ቅቡ ፍሬው ላይ በአየር ይደርቃል። ጥንካሬ አይጠየቅም፣ ፍሬው ራሱ ይሸከመዋልና። ቆሽሾ ቢገኝ ይታጠባል፣ ይላጣል። በተጨማሪም የቅቡ ደንበኛ በሕግ ተገዶ የመጣ ሰው ሳይሆን ኪሳራውን ለመቀነስ የሚከፍል ነጋዴ ነው። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣ ቲማቲም ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ደርሶ ወደ ሾላ እስኪከፋፈል ድረስ ምን ያህሉ እንደሚፈርጥና እንደሚጣል የጅምላ ነጋዴዎች በየዕለቱ የሚያዩት ነው። ያንን ኪሳራ በአንድ ሁለት ቀን የሚያዘገይ ነገር ዋጋው ይታወቃል።

ጥሬ ዕቃው ደግሞ አገር ውስጥ አለ፤ ይህም የነገሩ ዋና ጥቅም ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ ማር አምራች ስትሆን ሰም ወደ ውጭ ከሚልኩ ዋነኛ አገሮችም አንዷ ነች። የሰሙ ብዙ ክፍል የሚገኘው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ይህ ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ ቀልጦ፣ ተጣርቶ ይላካል፤ ከዚያም በአውሮፓ ኢ 901 የሚል የምግብ ቁጥር ተሰጥቶት ለፍራፍሬ መቀቢያና ለከረሜላ ማንጸባረቂያ ይውላል። ጥሬ ልኮ ያለቀ ዕቃ መግዛት በቡናና በቆዳ የታወቀ በሽታ ነው። በሰምም ያው መሆኑ ሊያስቆጭ ይገባል። የግራር ሙጫም እንዲሁ ነው። በማሌዥያ የተሠራና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመቶ አሥር እጅ በሆነ የሙጫ ብጥብጥ የተቀባ ቲማቲም በ20 ዲግሪ ሙቀት እስከ 20 ቀን ጥራቱን ጠብቆ እንደቆየ አሳይቷል። 20 ዲግሪ ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ፣ አዲስ አበባ በተፈጥሮዋ የምታገኘው ሙቀት ነው። በቆላ ሞቃት አገር ይህ ውጤት ላይሠራ ይችላል፤ በእንጦጦ ግርጌ ግን ከፍታው ለአንድ ጊዜ ከነጋዴው ጎን ይቆማል።

የገበያው ሌላ ጠባይ አለ፤ የውጭ አማካሪ በጥናቱ የማይጽፈው። ይህ አገር በዓመት ውስጥ ብዙውን ቀን የሚጾም ሕዝብ ያለበት ነው። በወተት ፕሮቲን የተቀባ ሙዝ ወይም ቲማቲም የጾም ነው ወይስ የፍስክ? የአሳማ ጄላቲን ያለበትን ነገርማ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይቀርበውም። ከባሕር ቅርፊት ዓሳ የሚወጣውም ቅብ ያው ጣጣ አለበት። ወሬው አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመልሰው ማስታወቂያ የለም። ሰም፣ ሙጫና ቡላ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ማር በጾም የሚቀመስ ነውና ሰሙን የሚጠይቅ አይኖርም። አንድ የአገር ውስጥ አምራች በውጭ ተፎካካሪ ላይ ሊኖረው የሚችለው ብልጫ ቢፈለግ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም።

ስለ አጓት ብዙ ተስፋ ይነገራል። በኮተቤና በፈረንሳይ ከፍታዎች ላም የሚያረቡ፣ አይብና ቅቤ የሚያወጡ ቤቶች አሉ፤ ሾላ የሚለውም ስም በወተት ከረጢት ላይ የኖረ ነው። አጓት የሚጣል ነገር ስለሆነ በነፃ ይገኛል ይባላል። ነገር ግን አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። መቶ ሊትር አጓት ተሰብስቦ፣ ተጓጉዞ፣ ተጣርቶ የሚገኘው ከአንድ ኪሎ ያነሰ ፕሮቲን ነው። በየጓሮው አሥርና ሃያ ሊትር ከሚያወጡ ቤቶች ይህን መሰብሰብ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው። ትላልቅ የአይብ ፋብሪካዎች ባሉበት አገር ነገሩ ይለያል።

ቡላ ከአጓት የተሻለ ነው፤ ጥናትም አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር የእንሰት ስታርችን ጠባይ አጥንተው በ1996 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ዓላማው ለመድኃኒት እንክብል ማያያዣነት ነበር። ከዚያ ወዲህም የእንሰት ስታርች ለስስ ሽፋን እንደሚሆን ያሳዩ የላቦራቶሪ ሥራዎች ወጥተዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡላ ምግብ ነው፤ ያውም ለአራስና ለሕመምተኛ የሚሰጥ፣ በአዲስ አበባ ዋጋው የማይቀመስ ምግብ። እንሰት ለ20 ሚሊዮን ያህል ሰው መኖሪያ ነው። ገንፎ የሚሆነውን ወደ መጠቅለያነት ለማዞር የሚነሳ ፋብሪካ ከምግብ ፈላጊው ጋር በዋጋ ሲጫረት ይገኛል። በመድኃኒት ፋብሪካ ዋጋ ቡላ መሸጥ ያዋጣል፤ በፌስታል ዋጋ መሸጥ ግን ማንንም አያዋጣም። ከጁስ ቤቶች በየቀኑ የሚጣለው የአቮካዶ ፍሬ ስታርች አለው፤ መራራነቱን ማውጣት የሚችል ሰው ካለ ጥሬ ዕቃው ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ድረስ በየበሩ ተቀምጦለታል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የሚበላ ነገር ሁሉ ምግብ ነው። ማሸጊያ አምራች ነኝ ብሎ የተነሳ ሰው የሚበላ ቅብ ሲያመርት ምግብ አምራች ሆነ ማለት ሲሆን፣ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደጃፍ ይደርሳል። የቅብ ዓይነቱና መጠኑ በምርቱ ላይ ይገለጽ መባሉም አይቀርም። ለዚህ የሚወጣውን ጊዜና ገንዘብ በዕቅዱ ያላስገባ ሰው ግማሽ ዕቅድ ይዟል።

በዚህ ሁሉ መሐል “በራሱ የሚበሰብስ” የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፌስታል ለገበያ ሲቀርብ ይታያል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ተራ ፖሊ ኢትሊን ላይ በፀሐይ ቶሎ እንዲሰባበር የሚያደርግ ጨው የተጨመረባቸው ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን ፕላስቲክ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ ከገበያው አግዶታል፤ መሰባበርና መበስበስ አንድ አይደሉምና። ሻጩ ይበሰብሳል ሲል ገዢው በምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዓይነት አፈር፣ በማን ተፈትሾ ብሎ ይጠይቅ። ወረቀት ከሌለው ዋጋው እንደ ተራ ፌስታል ይቆጠር፤ ቅጣቱም እንዲሁ።

የሚበላ ሽፋን ናሙና ይዞ ለሚመጣው ደግሞ ከላቦራቶሪ በፊት የሚደረግ ርካሽ ፈተና አለ። ናሙናውን ለአንድ ሳምንት ሾላ ውስጥ ቆርቆሮ በለበሰ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ግማሹን ባዶውን፣ ግማሹን ግማሽ ኪሎ በርበሬ ጠቅልሎ። ሻጩ በጥር ከመጣ ውሉ እስከ ሐምሌ ይቆይ።